መኪናችን ወደ ኋላዋ ስትቀመጥ
የደከመ ባሌስትራን ስለ ማወቅና ስለ ማደስ

በቅሎ ያለው ሰው ጭነት ከመጫኑ በፊት የበቅሎውን ጀርባ ይዳስሳል። ቍስል ያገኘ እንደ ሆነ ጭነቱን ይቀንሳል፤ ወይም እንስሳዪቱ እስክትድን ድረስ ያሳርፋታል። በዛሬው ዘመን ግን የብዙ ቤተ ሰብ በቅሎ መኪና ሆናለች። መኪና ደግሞ ጀርባዋ ሲደክም አትራገጥም፤ አትነክስም፤ ተኝታም አልነሣም አትልም። በየጥቂቱ ወደ ኋላዋ እየተቀመጠች፣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ እያነሣች ዝም ብላ ትሄዳለች። ባለቤቷም በየቀኑ ስለሚያያት ለውጡን አያስተውለውም።

በአገራችን መንገዶች ላይ ሠላሳና ዐርባ ዓመት ያገለገሉ መኪኖች ብዙ ናቸው። ከእነዚህም መካከል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1980 እስከ 1990 ድረስ የተሠራችው ባለ 60 ቍጥሯ ላንድ ክሩዘር አንዷ ናት። በእርሷ ምክንያት የደረሰብኝን ነገርና ከዚያም የተማርሁትን ለአንባቢዎች ለማካፈል አስቤ ይህን ጽፌአለሁ። መካኒክ አይደለሁም፤ የመሥሪያ ቤት ጸሓፊ ነኝ። ነገር ግን የቤተ ሰብ አባት የሆነ ሰው ቤተ ሰቡን የሚያሳፍርባትን መኪና እንዴት እንደምትቆም ማወቅ ግዴታው መሆኑን አንድ ሌሊት አስተምሮኛል።

የመስቀል ጕዞ

በግንቦት ወር 2010 ዓ. ም. ከዕቁብ ያገኘሁትን ገንዘብ ከብዙ ዓመት ቍጠባ ጋራ አጣምሬ ይህችን መኪና ገዛሁ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1987 የተሠራች ነበረች። ሞተሯ ደኅና፣ ቆርቆሮዋ ጤነኛ ሲሆን፣ ከኋላዋ ግን ዝቅ ብላ ነበር። ወደ አንድ ሥራ ቤት ብወስዳት ሠራተኛው ጐንበስ ብሎ አየና፣ «ይህማ የግማሽ ቀን ሥራ ነው» አለኝ። የባሌስትራውን ብረቶች አውጥቶ በብየዳ እሳት እያጋለ፣ በመዶሻ እየቀጠቀጠ ወደ ላይ አጐበጣቸው። ማታ ስረከባት ኋላዋ ቀና ብሎ ነበር። ዋጋውም ርካሽ ስለ ነበረ ደስ ብሎኝ ከፈልሁ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት ያስታወስሁት ከሦስት ወር በኋላ ነው።

በመስከረም 2011 ዓ. ም. ለሕክምና አዲስ አበባ ሰንብተው የነበሩትን እናቴን ይዘን፣ በዓለ መስቀልን ዓዲግራት ለማክበር ተነሣን። መንገዱ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና እናቴ ተሳፈሩ። ከኋላ ሁለት ኩንታል ጤፍ ጫንሁ፤ በፖርቶ መጋላው ላይ ሻንጣዎችንና ሁለት ጀሪካን አሰርሁ። መኪናዪቱ ስትነሣ ጎረቤታችን፣ «ጋሼ፣ ከኋላ ዝቅ አላለችም?» ቢለኝ፣ «ጭነት ስላለባት ነው» ብዬ መለስሁለት።

በደብረ ብርሃን ቈይተን ስለ ነበረ ወደ ጣርማ በር የደረስነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ያ ስፍራ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በፈለፈሉት ዋሻ አልፎ መንገዱ ወደ ደብረ ሲና ቍልቍል ይወርዳል። እኔም መብራቴን ዝቅ አድርጌ ቀስ ብዬ እወርድ ነበር። ከፊት ለፊት የሚመጣ የጭነት መኪና ደጋግሞ መብራቱን ብልጭ አደረገብኝ። እኔ መብራቴ ዝቅ ያለ መሆኑን ስለማውቅ ነገሩ አልገባኝም። እርሱም እልኸኛ መስዬው ኖሮ የራሱን መብራት ሙሉ ለሙሉ አበራብኝ። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ያህል ዕውሮች ሆንን። በዚያች ቅጽበት የግራ ጎማዬ ከጕድጓድ ገባ፤ እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ተሰማ፤ መኪናዪቱም ወደ ግራ አዘነበለች። ልጆቹ ጮኹ። ሁለቱ መኪኖች የተላለፉት በክንድ ርቀት ነው።

መኪናዪቱን ዳር አስይዤ ጎማዋን በድንጋይ ደገፍሁ። የጭነት መኪናው ነጂም ቆሞ ኖሮ ባትሪ ይዞ መጣ።

«ወንድሜ፣ መብራትህን ዝቅ አድርግ ብዬህ ነበር!» አለኝ።

«ዝቅ ነው ያለው» ብዬ አሳየሁት።

መብራቱን አየ፤ ከዚያም ወደ ኋላ ሄዶ መኪናዪቱን ከጐን ተመለከተና፣ «እንግዲያውስ መብራቱ አይደለም፤ መኪናዪቱ ራሷ ናት ሽቅብ የምታየው» አለ። ከሥር ገብቶ ባትሪውን ሲያበራ፣ ከግራው ባሌስትራ ሦስተኛው ብረት እሳት ነክቶት በነበረበት ስፍራ ላይ ለሁለት ተሰብሮ ታየ።

እናቴ ከመኪናው ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቍጣ አልነበረባቸውም። «ልጄ፣ በቅሎ እንኳ ሲበዛባት ትቆማለች። ይህች መናገር ስለማትችል አንተ ልትናገርላት ይገባህ ነበር» አሉኝ። ሌሊቱን ደብረ ሲና አድረን በማግሥቱ እነርሱን በአውቶቡስ፣ ጤፉን በጭነት መኪና ላክሁ። እኔም ባዶዪቱን መኪና እየጐተትሁ ያህል በዝግታ ወደ አዲስ አበባ መለስሁ። የዚያን ዓመት ደመራ ከቤተ ሰቤ ተለይቼ አየሁ።

ባሌስትራ ማለት ምን ማለት ነው

ከበዓሉ በኋላ ወዳጆቼ ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ መሩኝ። እኒህ ሰው በልጅነታቸው ደቀመሓረ ከጣሊያን ሠራተኞች ዘንድ ሙያ የተማሩ ናቸው። በትግርኛ «አቦይ» ብዬ ሰላምታ ባቀርብላቸው፣ «ናዓ ወደይ» ብለው ተቀበሉኝ። ነገሬን ሁሉ በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ ወዲያው ቍልፍ አላነሡም፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ማስተማር ጀመሩ።

«ባሌስትራ በጣሊያንኛ የቀስት ስም ነው» አሉኝ፤ «በእጀታ ላይ የተጋደመ፣ በመሣሪያ የሚለጠጥ ቀስት። መኪናህ በቀስት ላይ ተቀምጣለች ማለት ነው።»

በእርግጥም እንዲሁ ነው። ባሌስትራ እንደ ቀስት የጐበጡ ዝርግ ብረቶች ተደራርበው በመካከላቸው በአንድ ብሎን የተያያዙበት ነው። ብረቶቹን ቅጠሎች እንበላቸው። ከሁሉ የሚረዝመው ዋናው ቅጠል ሁለቱ ጫፎቹ እንደ ቀለበት የተጠቀለሉ ሲሆን፣ የፊተኛው ቀለበት በሻንሲው ላይ በወፍራም ብሎን ይታሰራል፤ የኋለኛው ግን በሚወዛወዝ ማንጠልጠያ ላይ ይንጠለጠላል። ይህም የሆነበት ምክንያት ቀስቱ ጭነት ሲጫንበት ስለሚዘረጋና ስለሚረዝም ነው፤ ማንጠልጠያው ያን ርዝመት ይቀበለዋል። የባሌስትራው መካከል ደግሞ እንደ ፈረስ ጫማ በታጠፉ ብሎኖች ከኋለኛው አክስል ጋራ ይጣበቃል። በዚህች በ60 ቍጥሯ መኪና ላይ ባሌስትራው የሚያልፈው ከአክስሉ በታች ነው።

እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሁክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1678 ባሳተመው ጽሑፍ የገለጸው ሕግ በዚህ ብረት ላይ ይሠራል። ይኸውም ጭነቱ እጥፍ ሲሆን የብረቱ መጕበጥም እጥፍ ይሆናል፤ ጭነቱ ሲነሣም ብረቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው እስከ ተወሰነ ልክ ድረስ ነው። ከልክ በላይ የተጫነ፣ ወይም ለብዙ ዓመት ሳይራገፍ የተጫነ ብረት ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው አይመለስም፤ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያስቀረ ይሄዳል። መኪና ወደ ኋላዋ ተቀመጠች የምንለው የዚህን ድምር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የተቀመጠ ባሌስትራ «ለሰለሰ» ይባላል። እንዲህ አይደለም። የብረቱ የመግፋት ጕልበት ብዙም አይለወጥም፤ የተለወጠው ቅርጹ ነው። ጕልበቱ ሳይጐድል ወገቡ እንደ ጐበጠ ሰው ነው። ስለዚህ መድኀኒቱ ቅርጹን መመለስ እንጂ ያለ ልክ የወፈረ ብረት መጨመር አይደለም። ደግሞም የባሌስትራ ቅጠል ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋራ በሦስት እጅ ይባዛል፤ ከቀድሞው አንድ ዐሥረኛ ብቻ የወፈረ ቅጠል በአንድ ሦስተኛ ይጠነክራል። ይህን ያላወቀ ሰው ከጭነት መኪና የተቈረጠ ብረት ያስገባና፣ ቤተ ሰቡን በድንጋይ ላይ እንዳስቀመጠ ያህል ይሆናል።

መቀመጧ የሚያመጣው ጉዳት

መኪና ከኋላ ዝቅ ማለቷ የመልክ ጉድለት ብቻ ይመስል ነበር። አቦይ ግን በጠመኔ ወለሉ ላይ እየጻፉ አስረዱኝ። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 2 ሜትር ከ73 ሳንቲሜትር ነው። ኋላዋ በ6 ሳንቲሜትር ብትወርድ፣ መብራቷ በየመቶው ሜትር 2 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር ያህል ሽቅብ ይነሣል። በደንብ የተስተካከለ ዝቅተኛ መብራት በየመቶው ሜትር 1 ሜትር ያህል ቍልቍል እንዲያይ ይደረጋል። እንግዲህ ልዩነቱ ሽቅብ ይሆናል ማለት ነው። በ50 ሜትር ርቀት ላይ ብርሃኑ ከመብራቱ ቁመት 60 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል፤ መብራቱም ከመሬት 90 ሳንቲሜትር ያህል ቢሆን፣ ብርሃኑ በ1 ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ፣ ማለትም በሚመጣው ነጂ ዓይን ላይ ያርፋል። በጣርማ በር የሆነውም ይኸው ነበር።

ሁለተኛው ጉዳት በፍሬን ላይ ነው። በብዙዎቹ እንዲህ ባሉ መኪኖች ላይ ከኋለኛው አክስል ጋራ በዘንግ የተያያዘ አንድ መቈጣጠሪያ አለ። ሥራው የመኪናው አካል ወደ አክስሉ ምን ያህል እንደ ቀረበ እያየ፣ ጭነት ሲበዛ ለኋለኛው ፍሬን ብዙ፣ ጭነት ሲያንስ ጥቂት ኀይል መስጠት ነው። ባሌስትራው የተቀመጠ እንደ ሆነ መቈጣጠሪያው ባዶዪቱን መኪና የተጫነች አድርጎ ይቈጥራታል። በዚህም ምክንያት የኋላ ጎማዎች ከፊተኞቹ ቀድመው ይያዛሉ።

አቦይ፣ «በክረምት አስፋልት ላይ ባዶዋን ሳለች ኋላዋ ሲያንሸራትት አላየህም?» ብለው ጠየቁኝ። አይቼ ነበር፤ ግን በጎማው አሳብቤ ነበር።

ሦስተኛ፣ አክስሉ ወደ ሻንሲው ስለሚቀርብ በየጕድጓዱ የላስቲኩን ማረፊያ ይመታል። ያ ምት በሻንሲው፣ በተሳፋሪው ወገብና በልጆች አንገት ላይ ያርፋል። የፊት ጎማዎችም ክብደት ስለሚቀንስባቸው መሪው ይቀላል፤ መኪናዪቱም መንገድ መያዝ ይሳናታል።

እንዴት ይመረመራል

ምርመራው ሜትርና ጠመኔ ብቻ የሚያሻው ስለ ሆነ ማንኛውም ሰው በግቢው ሊያደርገው ይችላል።

መኪናዪቱን ባዶ አድርገህ በደልዳላ መሬት ላይ አቁማት። የጎማዎቹ ነፋስ በግራና በቀኝ እኩል ይሁን። ከጎማው መካከል ጀምረህ እስከ ላይኛው የቆርቆሮ ጠርዝ ድረስ በአራቱም ማዕዘን ለካና ጻፍ። ግራና ቀኝ የተለያዩ ከሆኑ አንድ ቅጠል ተሰብሮ ወይም አንዱ ወገን ይበልጥ ተቀምጦ ይሆናል። ከዚያም ሁለት ኩንታል እህል በኋለኛው አክስል ላይ ጫንና እንደ ገና ለካ። በእኔ መኪና ላይ በአዲሱ ባሌስትራ መውረዷ ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ነበር። ባዶዋን ዝቅ ብላ፣ ነገር ግን በጭነት ጊዜ በመጠኑ የምትወርድ መኪና ጕልበቷ ደኅና፣ ቅርጿ የተበላሸ ናት።

ቀጥሎ ከሥር ተመልከት። ማንጠልጠያው ወደ ኋላ እጅግ ተጋድሞ ከሆነ ቀስቱ ተዘርግቷል። የላስቲኩ ማረፊያ የተቀጠቀጠ ወይም የሚያብረቀርቅ ከሆነ አክስሉ እየመታው ነው። የመካከሉ ብሎን ተበጥሶ እንደ ሆነ አክስሉ ከቦታው ይሸሻል፤ ከኋላ ሆነህ ብታያት መኪናዪቱ እንደ ሸርጣን በጐኗ ትሄዳለች። በቅጠሎቹ መካከል የዛገ ቀይ ዱቄት በአንድ ስፍራ ብቻ ቢወጣ በዚያ ስንጥቅ መኖሩን ጠርጥር።

ሾክ አብዞርበሩንም መርምር፤ ነገር ግን የማይገባውን በደል አትጫንበት። ብዙ ሰው መኪናው ዝቅ ሲልበት ሾክ አብዞርበር ገዝቶ ይለውጣል፤ ከዚያም መኪናው እንደ ነበረ ይቀራል። ሾክ አብዞርበር መኪናን አይሸከምም። ሥራው የባሌስትራውን መወዛወዝ ማስቆም ብቻ ነው። መኪናዪቱን በማዕዘኗ ተጭነህ ስትለቃት ሁለት ሦስት ጊዜ የምትዘል ከሆነ፣ ወይም ዘይት ካፈሰሰ፣ ያን ጊዜ ይለወጥ።

ዳውላውንም መመርመር ይገባል

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይባላል። እኛ ግን የተገላቢጦሹን እናደርጋለን፤ ዳውላውን ትተን አህያውን እንመታለን። አቦይ ባሌስትራውን ከመንካታቸው በፊት በመኪናዬ ላይ ዘወትር የሚኖረውን ነገር ሁሉ አስወርደው አስቈጠሩኝ። የማልጠቀምበት ሁለተኛ ትርፍ ጎማ፣ የከባድ መሣሪያ ሣጥን፣ ከብረት የተሠራ ፖርቶ መጋላ፣ ሁልጊዜ ውሃ የተሞላ ጀሪካን ነበረ። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ 20 ኪሎ ይመዝናል። ይህ ሁሉ ሌሊትና ቀን ሳይወርድ በባሌስትራው ላይ ተኝቶ ነበር።

ከክብደቱ ይልቅ ደግሞ የተቀመጠበት ስፍራ ይበልጣል። አንድ ኩንታል ጤፍ ከኋላ አክስሉ 80 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ አልፎ ቢቀመጥ፣ በአክስሉ ላይ የሚያርፈው 100 ሳይሆን 129 ኪሎ ያህል ነው፤ ትርፉን 29 ኪሎ ከፊት ጎማዎች ላይ አንሥቶ ይወስዳል። የእኔ ሁለት ኩንታል በዚህ ሒሳብ 258 ኪሎ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ያው ጤፍ ከአክስሉ በፊት፣ ከወንበሩ ጀርባ ተጠግቶ ቢቀመጥ ኖሮ ከፊሉን የፊት ባሌስትራዎች ይሸከሙት ነበር።

ሥራው እንዴት ተሠራ

አቦይ ከሁሉ አስቀድመው የተናገሩት ስለ ጥንቃቄ ነው። የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ይደገፋሉ። መኪናዪቱ በክሪክ ከተነሣች በኋላ ሻንሲው በጠንካራ የብረት እግሮች ላይ ይቀመጣል፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም አይገባም። አክስሉም በሌላ ክሪክ ይያዛል። ባሌስትራ የተለጠጠ ቀስት መሆኑ አይረሳ፤ በቸልታ የተፈታ እንደ ሆነ እጅ ይሰብራል።

ከዚያ በኋላ ጎማዎቹ ወጡ፤ የሾክ አብዞርበሩ የታች ብሎንና የፍሬን መቈጣጠሪያው ዘንግ ተፈቱ፤ የፍሬኑ ጎማ ቱቦ እንዳይጐተት በዓይን ተጠበቀ። ቀጥሎ የታጠፉት ብሎኖች ተፈቱና አክስሉ በክሪኩ ቀስ ብሎ ተስተካከለ፤ በመጨረሻም የማንጠልጠያውና የፊተኛው ብሎን ሲወጡ ባሌስትራው በሁለት ሰው ወረደ። የመካከሉ ብሎን ከመፈታቱ በፊት ቅጠሎቹ በሞርሳ ተጠብቀው ተያዙ፤ አለዚያ ተፈናጥረው ሰው ይመታሉ።

ቅጠሎቹ በሽቦ ብሩሽ ከጸዱ በኋላ አቦይ አንድ የቈየ ጥበብ አሳዩኝ። በየአንዳንዱ ቅጠል ላይ ነጭ ጋዝ አፈሰሱ፤ ጥቂት ቈይተው በጨርቅ አድርቀው ጠመኔ ቀቡት። ስንጥቅ ባለበት ስፍራ በውስጡ የቀረው ጋዝ በጠመኔው ላይ ወጥቶ እንደ ጥቍር ፀጕር ታየ። ከተሰበረው ቅጠል ሌላ ሁለት ቅጠሎች እንዲህ ተሰንጥቀው ነበር። ሁሉም እሳትና መዶሻ በነካቸው ስፍራ ነው።

ምክንያቱንም ገለጹልኝ። የባሌስትራ ብረት ጠባዩን የሚያገኘው በፋብሪካ እስከ 850 ዲግሪ አካባቢ ግሎ፣ በዘይት ተነክሮ፣ ከዚያም በመጠነኛ ሙቀት እንደ ገና ተበስሎ ነው። በብየዳ እሳት በአንድ ስፍራ ብቻ ሲግል ያ ጠባይ በዚያ ስፍራ ይጠፋል፤ ከፊሉ ይለሰልሳል፤ ከፊሉ እንደ መስተዋት ይሰባበራል። መዶሻው የተወው ጠባሳም የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ጤናማ ቅጠል ቅርጹን ሊመለስለት የሚችለው ሳይግል፣ በመጫኛ መሣሪያ ጥቂት በጥቂቱ እየተጐበጠ ነው። እርሱም ቢሆን ከአዲስ ያነሰ ጊዜ ይቈያል።

የእኔ ግን ለዚህ አልበቃም፤ አዲስ መግዛት ግድ ሆነ። ወደ ሶማሌ ተራ ወረድን። ሻጩ ከሁሉ የወፈረውን አቀረበ። አቦይ ግን፣ «በዓመት ስንት ቀን ኩንታል ትጭናለህ?» አሉኝ። «ሁለት ሦስት ቀን» አልሁ። «የቀረውን ቀን ልጆችህን ነው የምትጭነው። ለልጆችህ ግዛ» አሉኝ። ከመካከለኛው ዐይነት የግራና የቀኝ ሁለቱን ገዛን። አንዱን ወገን ብቻ መለወጥ መኪናዪቱን ያጋድላታል። የላስቲክ ቡሾቹና የታጠፉት ብሎኖችም አብረው ተለወጡ። እነዚያ ብሎኖች አንድ ጊዜ ተለጥጠው የጠበቁ ስለ ሆኑ ሁለተኛ አይታመኑም።

በመግጠም ጊዜ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። የማንጠልጠያውና የፊተኛው ብሎን ዳዶዎች መኪናዪቱ ተነሥታ ሳለች በመጨረሻ ኀይል አይጠበቁም። መጀመሪያ በእጅ ይያያዛሉ፤ መኪናዪቱ በጎማዋ መሬት ላይ ትወርዳለች፤ ጥቂት ትወዛወዛለች፤ ከዚያ በኋላ ይጠበቃሉ። አለዚያ የላስቲኩ ቡሽ ሁልጊዜ እንደ ተጠመዘዘ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል። የታጠፉት ብሎኖች በመስቀል ሥርዓት፣ ተራ በተራ፣ በፋብሪካው መመሪያ ልክ ይጠበቃሉ። ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላም እንደ ገና ይጠበቃሉ፤ አዲሶቹ ቅጠሎች ይተኛኛሉና።

ሥራው በዚህ አያልቅም። የመኪናዪቱ ቁመት ስለ ተለወጠ የፍሬን መቈጣጠሪያው ዘንግ እንደ ገና ይስተካከላል። ይህ ካልተደረገ መቈጣጠሪያው አሁን በተቃራኒው የተጫነችውን መኪና ባዶ አድርጎ ይቈጥራታል፤ የኋላ ፍሬን ያንሳል፤ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ይረዝማል። መብራቱም ይስተካከል። በደልዳላ ስፍራ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቀህ ብታቆማት የዝቅተኛው መብራት ጠርዝ ከመብራቱ ቁመት 10 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ማረፍ አለበት።

ከሚያሳስቱ መድኀኒቶች መጠበቅ

ማንጠልጠያውን በብየዳ አስረዝሞ ኋላዋን ማንሣት ተለምዷል። 5 ሳንቲሜትር ብትጨምርበት መኪናዪቱ የምትነሣው በግማሹ፣ 2 ሳንቲሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ በዚያ ፈንታ አክስሉ ይዞርና ኀይል የሚያስተላልፈው ዘንግ ያለ ቦታው ይጐብጣል። ሌላው ደግሞ በአክስሉና በሻንሲው መካከል ጠንካራ ላስቲክ መወተፍ ነው። ይህ ባሌስትራውን ሥራ አስፈትቶ ሻንሲውን ተሸካሚ ያደርገዋል። ተጨማሪ ቅጠል ማስገባት ግን የቀሩት ቅጠሎች ጤነኞች ሲሆኑና የቅጠሉ ውፍረት በልክ ሲሆን ተገቢ መድኀኒት ነው።

እንደ ባለ 80 ቍጥሯ ላንድ ክሩዘር በኋላዋ ጥምዝ ሞላ ላላት መኪና ነገሩ ይቀልላል። ሞላ አይጐብጥም፤ ሁለቱም በአንድነት ይለወጣሉ። አልፎ አልፎ ብቻ ከባድ ነገር ለሚጭን ሰው በሞላው ውስጥ የሚገባ በነፋስ የሚነፋ የላስቲክ ከረጢት ይገኛል። ጭነቱ ሲወርድ ነፋሱ ይቀነሳል። የመለካቱ፣ የመብራቱና የፍሬኑ ነገር ግን በሁለቱም አንድ ነው።

የመጨረሻ ቃል

በመስከረም 2012 ዓ. ም. ያንኑ መንገድ እንደ ገና ተጓዝን። በዋዜማው ማታ ሜትር ይዤ አራቱን ማዕዘን ለካሁ። ልጄ ቍጥሮቹን በደብተር ጻፈልኝ። ሁለት ኩንታል ልጭን የነበረውን አንዱን አስቀርቼ አንዱን ከወንበሩ ጀርባ አስጠጋሁት። ከፖርቶ መጋላው ላይ ከልብስ በቀር ምንም አላኖርሁም። ከጣርማ በር ስንወርድ ጊዜው ቀን ነበር፤ ቢመሽም ኖሮ የሚመጣውን ሰው ዓይን ባላሳወርሁ ነበር።

ዓዲግራት ስንደርስ እናቴ ወጥተው ተቀበሉን። ልጆቹን ከመሳማቸው በፊት ወደ መኪናዪቱ ኋላ ዞረው ተመለከቱ። «ጤፉስ አንድ ብቻ ነው?» አሉኝ። «አዎን እናቴ፤ ለበቅሎዪቱ ተናገርሁላት» ብላቸው ሣቁ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ መኪናህ አሮጌ ብትሆን አትፈር፤ አሮጌ መኪና በደንብ ከተያዘች ታማኝ አገልጋይ ናት። ነገር ግን ዛሬ ማታ ወደ ቤትህ ስትገባ ጥቂት ራቅ ብለህ ቆመህ ከጐኗ ተመልከታት። ኋላዋ ተቀምጦ እንደ ሆነ ሜትርህን አውጣ። ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ስጥ፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው የሚልህንም በእሳት ነው ወይስ ያለ እሳት ብለህ ጠይቀው። በዚያች መኪና ውስጥ የሚቀመጡት ሰዎች አንተን አምነው እንጂ ባሌስትራውን አይተው አይሳፈሩም።